የንያርድቪክ የሻምፒዮንነት ብዛት 13 ነው ወይስ 17?

ባለ ሰንጠረዥ

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ አይስላንዱ ንያርድቪክ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ክለብ በአማርኛ የታሪክ ገጽ እያዘጋጀሁ ነው። ጽሑፉ ወደ ማለቁ ነው፤ ያስቸገረኝ የሻምፒዮንነት ሰንጠረዡ ነው። አንዱ ዝርዝር 13 ይላል፣ ሌላው 17። የ4 ልዩነት ደግሞ የትየባ ስህተት አይመስልም።

ሁለተኛው ግራ መጋባት፦ የ1952ቱ የመጀመሪያ ሻምፒዮን ስሙ ውስጥ «ኬፍላቪክ» የሚል አለበት። ታዲያ የጎረቤቱ የኬፍላቪክ ክለብ ነው ማለት ነው? ዓመቱንስ «2005–06» እያልኩ ልጻፍ ወይስ በእኛ አቆጣጠር ላድርገው? ስለ ስሞች አጻጻፍም ምክር ካላችሁ እሰማለሁ። በዚህ ገጽ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሪባውንድ

ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። የሚለያዩት 4ቱ የማን ይባሉ በሚለው ነው።

የአይስላንድ ሻምፒዮና በ1952 ሲጀመር ያሸነፈው ኢ.ኬ.ኤፍ. የሚባል ቡድን ነው። ምህጻሩ ሲፈታ «የኬፍላቪክ አውሮፕላን ማረፊያ ስፖርት ክለብ» ማለት ነው፤ ማረፊያው ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያቋቋሙት ቡድን ነበር። በ1953፣ በ1956 እና በ1958ም አሸነፈ። 4ቱ እነዚህ ናቸው። ቡድኑ በ1969 ወደ ንያርድቪክ ወጣቶች ማኅበር ገብቶ የማኅበሩ የቅርጫት ኳስ ክፍል ሆነ። ከዚያ በኋላ በንያርድቪክ ስም የተገኙት 13 ናቸው፦ 1981፣ 1982፣ 1984፣ 1985፣ 1986፣ 1987፣ 1991፣ 1994፣ 1995፣ 1998፣ 2001፣ 2002 እና 2006።

የምሥረታ ዓመት ስትጽፍ ተጠንቀቅ። 1944 የወጣቶች ማኅበሩ የተመሠረተበት ነው፤ ማኅበሩ የብዙ ስፖርት ቤት ነው። ከ1944 ቀጥለህ 1952ን ብታስገባ አንባቢ ማኅበሩ ራሱ ሜዳ ገብቶ ዋንጫ ያነሳ ይመስለዋል። በመሐል «በ1969 ኢ.ኬ.ኤፍ. ተቀላቀለ» የሚል አንድ መስመር የግድ ያስፈልጋል።

ኬፍላቪክን በተመለከተ ስሙ አያታልልህ። ማረፊያው በኬፍላቪክ ስም ስለተጠራ ብቻ ቡድኑ የኬፍላቪክ ክለብ አይሆንም። የኬፍላቪክ ክለብ የመጀመሪያ ሻምፒዮንነት በ1989 የመጣ ነው፤ በጠቅላላው 9 አለው፣ የመጨረሻው የ2008ቱ ነው። የኢ.ኬ.ኤፍ.ን 4 ለኬፍላቪክ የደመረ ሰው 13 ያገኛል። እንደ አጋጣሚ ይህ ከንያርድቪክ 13 ጋር አንድ ስለሆነ ስህተቱ ቶሎ አይታይም።

ድምርህን የምትፈትሽበት ቀላል መንገድ አለ። ከ1952 እስከ 2025 ያለው 74 ዓመት ነው፤ በ2020 በኮሮና ምክንያት ሻምፒዮን አልተሰየመም፤ ስለዚህ የሁሉም ክለቦች ድምር 73 መምጣት አለበት። ኬ.አር. 18፣ ኢ.አር. 15፣ ንያርድቪክ 13፣ ኬፍላቪክ 9፣ ኢ.ኬ.ኤፍ. 4፣ ቫሉር 4፣ ግሪንዳቪክ 3። የቀሩት አንድ አንድ ጊዜ ያሸነፉ 7 ክለቦች ናቸው። 73 ካልመጣልህ አንድ ቦታ ተሳስተሃል።

ጥቅምት እስከ ግንቦት

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ብቻ ልመልስ። የአይስላንድ ሊግ የሚጀምረው ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር ላይ ነው፤ የሚያልቀው በኤፕሪል ወይም በሜይ። የእኛ ዓመት ደግሞ በመስከረም 1 ይለወጣል። ስለዚህ እነሱ በሁለት ዓመት ሰረዝ አድርገው የሚጽፉት የውድድር ዘመን በእኛ አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ አንድ ዓመት ውስጥ ያድራል። 2005–06 ማለት 1998 ዓ.ም. ነው፣ አለቀ። ሰረዝ አያስፈልግም። ስሌቱም ሻምፒዮን ከተባለበት ዓመት 8 መቀነስ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ምቾት የለም።

ሆኖም እኔ ብሆን በዋናው ዓምድ እ.ኤ.አ.ን አስቀምጬ ዓ.ም.ን በጎን አደርጋለሁ። አንባቢ ከሌላ ምንጭ ጋር ሲያስተያይ በ8 ዓመት ልዩነት እንዳይደናገር ነው። ዓምዶቹን ደግሞ እንዳትቀላቅል። አንዱ ረድፍ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከሆነ 1998 የሚለው ቁጥር ሁለት ቦታ ይወጣል፦ አንዱ የ1998 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮንነት፣ ሌላው የ1998 ዓ.ም.። ንያርድቪክ በሁለቱም አሸንፏል፤ ሰው ተደግሟል ብሎ አንዱን ይሰርዝልሃል።

8 መቀነስ የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ። እሱም የ2021 የአገሪቱ ዋንጫ ነው፤ ከሻምፒዮናው የተለየ ውድድር መሆኑን ልብ በል። ፍጻሜው በኮሮና ምክንያት ተገፍቶ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ነው የተደረገው፤ ንያርድቪክ ስትያርናንን አሸነፈ። በእኛ መስከረም ገብቷል፤ ስለዚህ 2014 ዓ.ም. ነው፣ 2013 አይደለም።

ባለ ሰንጠረዥ

እጅግ አመሰግናለሁ። የመስከረሙ ነገር ጭራሽ አልታየኝም ነበር። ድምሩን ሞከርኩት፣ 74 መጣብኝ። ለአንድ አንድ ጊዜዎቹ የጻፍኩት፦ ኢ.ኤስ. 1959፣ አርማን 1976፣ ሀውካር 1988፣ ስናይፌል 2010፣ ቶር 2021፣ ቲንዳስቶል 2023፣ ስትያርናን 2020 እና 2025። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሪባውንድ

የስትያርናን 2020 ነው። ይህ ስህተት የሚመጣበት ምክንያት ስላለ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ለንያርድቪክ ሰንጠረዥም ይጠቅምሃል።

በአይስላንድ ሁለት የተለያዩ ማዕረጎች አሉ። አንዱ መደበኛውን ውድድር አንደኛ ሆኖ ለሚጨርስ የሚሰጥ ነው፤ «የሊግ አሸናፊ» እንበለው። ሌላው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ፕሌይኦፍ እስከ መጨረሻው ላሸነፈ ነው፤ «የአይስላንድ ሻምፒዮን» የሚባለው ይኸኛው ብቻ ነው። በ2020 መደበኛው ውድድር ሲቋረጥ ስትያርናን ከላይ ስለነበር የሊግ አሸናፊነቱ ተሰጠው፤ ፕሌይኦፉ ግን አልተካሄደም። ሁለቱን በአማርኛ «ሻምፒዮን» ብለህ ከተረጎምክ መጋጨቱ አይቀርም። በአሁኑ አሠራር 12 ክለቦች 22፣ 22 ጨዋታ ያደርጋሉ፣ 8ቱ ወደ ፕሌይኦፍ ያልፋሉ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ይወርዳሉ።

ፕሌይኦፍ የመጣው በ1984 ነው። ከዚያ በፊት መደበኛውን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ሻምፒዮን ይባል ነበር። የዛሬው ዋና ሊግ፣ ኡርቫልስዴይልድ የሚባለው፣ ራሱ በ1978 የተጀመረ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዥህ ውስጥ «የፍጻሜ ተጋጣሚ» የሚል ዓምድ ካለ ለ1981 እና ለ1982 ባዶውን አትተወው፤ «ፍጻሜ አልነበረም» ብለህ ጻፍ። ባዶ ከተውከው ሌላ ሰው መጥቶ ሁለተኛ የወጣውን ቡድን ተጋጣሚ አድርጎ ይሞላዋል።

ከ1984 በኋላ ያሉት ተጋጣሚዎች እነዚህ ናቸው። 1984 ቫሉር፣ 1985 እና 1986 ሀውካር፣ 1987 እንደገና ቫሉር። በዚያን ጊዜ ለፍጻሜው 2 ማሸነፍ ይበቃ ነበር። 1991 ኬፍላቪክን 3 ለ 2፣ 1994 ግሪንዳቪክን 3 ለ 2፣ 1995 ያንኑ ግሪንዳቪክን 4 ለ 2። 4 የሚለው የትየባ ስህተት አይደለም፣ በ1995 እና በ1996 ፍጻሜው 4 ማሸነፍ ይጠይቅ ነበር። 1998 ኬ.አር.ን 3 ለ 0፣ 2001 ቲንዳስቶልን 3 ለ 1፣ 2002 ኬፍላቪክን 3 ለ 0፣ 2006 ስካላግሪሙርን 3 ለ 1። የተሸነፈባቸው ፍጻሜዎች 3 ናቸው፦ 1988 በሀውካር፣ 1999 በኬፍላቪክ፣ 2007 በኬ.አር.። ከ2007 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ፍጻሜ አልደረሰም።

ቶር 2021 ብለህ የተውከውንም አስተካክል። ቶር የሚባሉ ሁለት ክለቦች አሉ፣ አንዱ የአኩሬይሪ፣ ሌላው የቶርላክስሆፍን። ሻምፒዮኑ የቶርላክስሆፍኑ ነው።

ነጻ ውርወራ

ከሪባውንድ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። «ሁለቱም ልክ ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ ገጹ ላይ ግን አንድ ቁጥር ነው የሚወጣው። እኔ 13 ነው የምለው። ዋንጫው ላይ የተጻፈው የአሸናፊ ስም ኢ.ኬ.ኤፍ. ነው። ክለብ ሲቀላቀል ተጫዋቹና አሰልጣኙ ይተላለፋል እንጂ ከ11 ዓመት በፊት የተነሳ ዋንጫ ወደ ኋላ ተመልሶ ስም አይቀይርም።

ሪባውንድ

ነጻ ውርወራ፣ ክርክርህ ይገባኛል፤ ግን ቁጥሩን ከመወሰንህ በፊት ምን እንደሚያስከትል አስላ። ለየብቻ ከቆጠርክ ንያርድቪክ በ2006 13 ላይ ነው፣ ኢ.አር. ግን ከ1977 ጀምሮ 15 ይዞ ተቀምጧል። ማለትም ንያርድቪክ በታሪኩ አንድም ቀን በሻምፒዮንነት ብዛት የአገሪቱ አንደኛ ሆኖ አያውቅም። በአንድ ላይ ከቆጠርክ ደግሞ በ2001 ኢ.አር.ን በ15 ይስተካከላል፣ በ2002 ብቻውን ይመራል፣ እስከ 2018 አንደኛነቱን ይዞ ይቆያል። በዚያ ዓመት ኬ.አር. 17 ሲደርስ እኩል ሆኑ፣ በ2019 ኬ.አር. 18 አድርጎ አለፈ። በ13ቱ አቆጣጠር ግን ኬ.አር. ንያርድቪክን ያለፈው ገና በ2015 ነው።

ስለዚህ 13 ብቻ ጽፈህ ጽሑፉ ውስጥ «ለዓመታት የአገሪቱ አንደኛ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ካስቀመጥክ ራስህን ትቃረናለህ። በአብዛኛው የሚታተመው ድምር 17 ነው። የእኔ ምክር፦ ከላይ በማጠቃለያው ሳጥን «17፣ ከነዚህ 4ቱ በኢ.ኬ.ኤፍ. ስም» በል፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ግን 4ቱን ረድፎች በሌላ ቀለም ለይ። 17 የሚለው ቁጥር ብቻውን አይቁም።

ነጻ ውርወራ

በቀለም መለየቱን እቀበላለሁ። ቀለሙ ብቻ ግን በስልክ ላይ ሲታይ ይጠፋል፣ የኮከብ ምልክትም ጨምርበት።

ሌላ ደግሞ፣ ገጹ የ13ቱን ክብደት ማሳየት አለበት ባይ ነኝ። ከ1981 እስከ 2006 ያለው 26 የውድድር ዘመን ነው፤ 13ቱን ንያርድቪክ ወሰደ፣ ልክ ግማሹን። ኬፍላቪክ 8፣ ግሪንዳቪክ 1 ጨምርበት፤ 22ቱ ሱዱርኔስ ከሚባለው ከደቡብ ምዕራቡ ልሳነ ምድር አልወጡም። ሌሎቹ ያገኙት 4 ብቻ ነው፦ ቫሉር 1983፣ ሀውካር 1988፣ ኬ.አር. 1990 እና 2000። ከ1991 እስከ 1999 ደግሞ 9 ተከታታይ ሻምፒዮን ከዚያው አካባቢ ነው። ሬይካቪክ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዛ ተመልካች ነበረች።

እንግዲህ «ለምን?» የሚል አንባቢ ይመጣል፤ መልሱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጦር ሰፈር እዚያው ማረፊያው ላይ ነበር፤ ቅርጫት ኳስ ከሌላው አካባቢ ቀድሞ እዚያ መለመዱ ከዚህ ጋር ይያያዛል፣ ይህን መጻፍ ይቻላል። ጦሩ በሴፕቴምበር 2006 ለቆ ወጣ፣ የንያርድቪክ የመጨረሻ ሻምፒዮንነትም የዚያው ዓመት ጸደይ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁለቱን አገናኝቶ «ጦሩ ሲወጣ ክለቡ ወደቀ» ይላል። ይህ አያስኬድም። ኬፍላቪክ በ2008፣ ግሪንዳቪክ በ2012 እና በ2013 አሸንፈዋል፤ ሁሉም አንድ ልሳነ ምድር ላይ ናቸው። ምክንያቱ ጦሩ ቢሆን ሦስቱንም በመታ ነበር።

የ1984–87ቱን አራት ተከታታይ ሻምፒዮንነትም በአሜሪካውያን አታሳብብ። ከ1983 በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ሊጉ የውጭ ተጫዋች ከልክሎ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት በ1981 እና በ1982 ግን አሜሪካዊው ዳኒ ሻውስ ነበረ። እሱ ወደ ንያርድቪክ ከመምጣቱ በፊት በ1979 ለአርማን በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አስቆጥሯል። ያ ጨዋታ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ነው፤ «በዋናው ሊግ» ወይም «ለንያርድቪክ» እንዳትል፣ በሁለቱም ብዙ ሰው ይስታል።

ባለ አባት ስም

ስለ ስሞች ማንም አልመለሰም። ደስ የሚለው፣ የአይስላንድ የስም ሥርዓት ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፣ የአባት ስም ነው፤ «ሶን» ማለት ልጅ ነው። ስለዚህ ስለ ንያርድቪኩ ተጫዋች ስለ ቴይቱር ኦርሊግሶን ስትጽፍ፣ የፈረንጅ ስም እንደሚጻፈው የመጨረሻውን ብቻ ነጥለህ «ኦርሊግሶን አስቆጠረ» አትበል፤ ኦርሊጉር የሚባለው አባትየው ነው። ልክ እንደ እኛ «ቴይቱር አስቆጠረ» በል። የተጫዋቾች ዝርዝር ስታዘጋጅም በመጀመሪያ ስም ፊደል ቅደም ተከተል አስቀምጥ፤ እዚያም የስልክ ማውጫው እንዲያ ነው።

ግን ሁለት ወጥመድ አለ። ንያርድቪክ ውስጥ ፍሪድሪኮች ብዙ ናቸው። ፍሪድሪክ ኢንጊ ሩናርሶን የ1991 እና የ1998 አሰልጣኝ ነው፤ ፍሪድሪክ ራግናርሶን የ2002 አሰልጣኝ፤ ፍሪድሪክ ስቴፋንሶን በ2006 ቡድን ውስጥ የነበረ ረጅም ተጫዋች። መጀመሪያ ሲጠቀሱ ከነአባታቸው ካልጻፍክ አንድ ሰው ይመስላሉ። ሁለተኛው ቫሉር ነው። ቫሉር የክለብ ስም ነው፣ ቫሉር ኢንጊሙንዳርሶን ደግሞ የንያርድቪክ ታላቅ አጥቂና በ1987፣ 1994 እና 1995 ያሰለጠነ ሰው። በ1987 ፍጻሜ ቫሉር ቫሉርን አሸነፈ ማለት ነው። ሲብስ ደግሞ ቃሉ የጭልፊት ዘር ስም ስለሆነ የኮምፒውተር ትርጉም ሰውየውንም ክለቡንም ወፍ ያደርጋቸዋል። በዚያ ገጽ ላይ «ክለቡ ቫሉር» እና «አሰልጣኙ ቫሉር» ብሎ መለየት ግድ ነው።

ቴይቱር ኦርሊግሶን ራሱን የቻለ አንቀጽ ይገባዋል፤ ከ13ቱ 10ሩ ላይ አለ። ሎጊ ጉናርሶንም እንዲሁ፣ በ2001 እና በ2002 ነበረ። በ2015 የአውሮፓ ሻምፒዮና በርሊን ላይ ቱርክን ወደ ተጨማሪ ሰዓት የወሰደችውን ባለ 3 ነጥብ የወረወረው እሱ ነው፤ አይስላንድ ጨዋታውን በመጨረሻ ተሸነፈች።

አጻጻፉ ላይ «ንያርድቪክ» ይሁን። «ኛርድቪክ» ብሎ በኘ መጀመር ለጆሮ ይቀርባል፣ ሆኖም ፍለጋ ላይ ማንም በኘ አይጀምርም። ኬፍላቪክን እነሱ ሲጠሩት «ኬፕላቪክ» ነው የሚመስለው፣ ከል በፊት ያለው ፍ ወደ ፕ ስለሚጠጋ። ሆኖም ኬፍላቪክ የተለመደ ነውና አትንካው።

ባለ ሰንጠረዥ

ድምሩ አሁን 73 መጣ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አንዱ ምንጭ ንያርድቪክና ኬፍላቪክ «የአንድ ከተማ ክለቦች» ይላል፣ ሌላው «የጎረቤት ከተሞች»። የሜዳቸውን ስምስ በአማርኛ ልመልሰው?

ሪባውንድ

እንደ ዓመቱ ነው። ንያርድቪክ፣ ኬፍላቪክ እና ሀፕኒር በ1994 ተዋህደው ሬይክያኔስባይር የሚባል አንድ ማዘጋጃ ቤት ሆኑ። ስለዚህ የ1991 ፍጻሜ በሁለት ከተሞች መካከል ነው፤ የ1999ኙና የ2002ቱ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ። ማዘጋጃ ቤቶቹ ሲዋሃዱ ክለቦቹ አልተዋሃዱም፣ ይህንን በግልጽ ጻፍ።

የሜዳው ስም ልዮናግሪፍያን ነው፣ የአንበሶች ጉድጓድ ማለት ነው። ዳንኤል የተጣለበት ያው የመጽሐፍ ቅዱሱ ቃል ስለሆነ በአማርኛ መመለሱ አይከብድም። ነገር ግን ክለቡ በ2024 ስታፓስኮሊ ትምህርት ቤት ወዳለው አዲስ አዳራሽ ሄዷል፤ ከፎቶው ስር «እስከ 2024» የምትለዋን እንዳትረሳት።